«ወለድ የለውም» የተባለው ፍሪጅ

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሐይቅ ከተማ ነው። ደሴ አንድ ሱቅ በእጅ በእጅ 40,000 ብር የሚሸጠውን የቤት ፍሪጅ በዱቤ ልወስድ ነው። ቅድሚያ 10,000፣ ከዚያ ለአንድ ዓመት በየወሩ 3,500 ብር እከፍላለሁ። ነጋዴው «ወለድ የለውም፣ ዋጋው ነው» ይላል። ነጋዴ የሆነው ባለቤቴ ያልተሞላ ቼክ እንዲፈርም፣ አስተማሪ ወንድሜም ዋስ እንዲሆን ጠይቆናል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሂሳቡን እናስላው። ሲደመር የሚከፍሉት 52,000 ብር ነው። 10,000ውን ገና ዕቃውን ሲረከቡ ስለሚሰጡ ዕዳዎ 30,000 ብር ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ 12,000 ተጨመረ፣ ከመቶ 40 ማለት ነው። ዕዳው በየወሩ እየቀነሰ ስለሚሄድ እውነተኛው ጫና ከዚህም ይበልጣል። (እቁብ ካለዎት ይህን ብር ያተርፉ ነበር፤ ግን ይህ የጠበቃ ምክር አይደለም።)

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2479 የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይከለክላል። በዚህ ተማምነው ግን አይፈርሙ። ነጋዴው «ገንዘብ አላበደርኩም፣ የተስማማነው በዱቤ ዋጋ ነው» ማለቱ አይቀርም፤ ውሉም እንደዚያ ከተጻፈ ክርክሩ ይከብድዎታል።

ከዋጋው በላይ ያሳሰበኝ ቼኩ ነው። ቼክ ለባንክ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው። ባለቤትዎ ፈርሞ መጠኑንና ቀኑን ባዶ ከተወው፣ ሁለት ወር ስትዘገዩ ሱቁ የፈለገውን ሞልቶ ባንክ ይሄዳል። ሂሳቡ ውስጥ ብር ከሌለ ጉዳዩ ከዱቤ ወጥቶ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693፣ በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ ማውጣት ወደሚለው ይገባል። «ለመያዣ ነው የሰጠሁት» ብሎ ማስረዳት የባለቤትዎ ጣጣ ይሆናል። እምቢ በሉ። ሱቁ መያዣ ከፈለገ ፍሪጁ ራሱ አለለት፤ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ የመያዣ መብት ማስመዝገብ ይቻላል።

ወንድምዎ ዋስ ከሆነ የሚዋስበት ከፍተኛ መጠን በቁጥር ይጻፍ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ይህ ያልተጠቀሰበት ዋስትና ዋጋ የለውም። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ካዩ ደግሞ ያንብቡለት፦ ሱቁ እርስዎን ሳይከስ በቀጥታ እሱን መክሰስ ይችላል ማለት ነው።

«በቃል ነግሮኛል» የሚባለውን ይርሱት። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 2005 የተፈረመ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው ይላል። ጠቅላላ ዋጋው፣ የመክፈያው ቀን፣ የመዘግየት ቅጣቱ፣ ቀድመው ከጨረሱም የሚቀነስልዎት ሁሉ ውሉ ላይ ይስፈር። ቅጂውን ይዘው ይመለሱ፤ ለእያንዳንዷ 3,500 ብርም ደረሰኝ ይቀበሉ።

ፍሪጁ ጉድለት ከተገኘበት በአዋጅ ቁጥር 813/2006 በገዙ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘብዎ እንዲመለስ መጠየቅ ይችላሉ። ጥያቄውን በጽሑፍ ያስገቡ፤ ዝም ብለው ወርሃዊ ክፍያውን አያቋርጡ።