መልስ፦ ዊጋን የመጣበት ሊግ

ወንድሜ፣ የእንግሊዙ እግር ኳስ ክለብ ዊጋን ከማደጉ በፊት የተጫወተበት «ኖርዘርን ፕሪሚየር ሊግ» ምንድን ነው ብለሃል። እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረ የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ሊግ ነው። ዛሬ ዋናው ዲቪዚዮኑ በአገሪቱ 7ኛው እርከን ላይ ነው፤ ከሥሩ ምዕራብ፣ ምሥራቅና ሚድላንድስ የሚባሉ ምድቦች አሉት። ሻምፒዮኑ አንድ እርከን ከፍ ወዳለው ናሽናል ሊግ ኖርዝ ያድጋል።

የዊጋን ነገር ግን ለብቻው ይወራ! ያኔ ዋንጫ ስለበላህ ብቻ ፉትቦል ሊግ (የአገሪቱ የላይኞቹ አራት ዲቪዚዮኖች) አትገባም፤ ክለቦች ድምፅ ይሰጡ ነበር። በ1978 ዊጋን የጨረሰው 2ኛ ሆኖ ነው። ድምፁ ሲቆጠር በፉትቦል ሊጉ ከነበረው ሳውዝፖርት ጋር 26 ለ26 እኩል ወጡ። እንደገና ድምፅ ተሰጠ፤ ዊጋን 29 ለ20 አሸንፎ ገባ። ሳውዝፖርት ወደ ኖርዘርን ፕሪሚየር ሊግ ወረደ። እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላኛል። ዊጋን ደግሞ በ2013 ማንቸስተር ሲቲን 1 ለ0 ረትቶ ኤፍኤ ካፕን አነሳ።