ከኋላ ሚጫወት ልጅ በምን ይለካል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ምንኖረው ሜልበርን በምዕራቡ በኩል ነው። ልጄ 17 አመቱ ነው፣ ቁመቱ 194 ሴንቲሜትር ደርሷል፣ አሁንም ሚያቆም አይመስልም። ትንሽ እያለ እግር ኳስ ነበር ሚጫወተው፣ ሃይስኩል ሲገባ ጓደኞቹ ወደ ፉቲ (የአውስትራሊያ ፉትቦል) ወሰዱትና በዛው ቀረ። ዘንድሮ ዌስተርን ጄትስ ሚባል የወጣቶች ቡድን ገብቷል፣ ከኋላ ነው ሚያሰልፉት፣ ረጃጅሞቹን አጥቂዎች ያዝ ይሉታል። ሰው ሁሉ ድራፍት (የኤኤፍኤል ክለቦች ወጣት ተጫዋች ሚመርጡበት) ይገባል እያለ ልቤን ሰቀለው። አባቱ ደሞ ጨዋታውን እያየ ኳስ ስንቴ እንደነካ ይቆጥርና "7 ጊዜ ብቻ ነው፣ ይሄ ምን ሊሆን ነው" እያለ ተናዶ ይመጣል። እኔ ስለ ጨዋታው ብዙም አልገባኝም። ተስፋ አለው ወይ? በምንስ ይታወቃል? ትምህርቱንስ?
እናት፣ ከሜልበርን

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ባለቤትዎን ከቆጠራው ያሳርፉልኝ። ኳስ ስንቴ ነካ ሚለው ቁጥር ለመሀል ተጫዋች ነው ሚጠቅመው፣ ለኪ ዲፌንደር (ረጃጅም አጥቂዎችን ሚይዝ ተከላካይ) ግን ብዙም አይናገርም፣ እንደውም አንዳንዴ ያሳስታል። የሱ ስራ የሌላውን ቡድን ትልቁን አጥቂ ይዞ መዋል ነው፣ አጥቂው ደሞ ብዙ ጊዜ 2 ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ግዙፍ ልጅ ነው። ልጅዎ 7 ጊዜ ነክቶ አጥቂው ባዶውን ከወጣ ቀኑ የልጅዎ ነበር። 20 ጊዜ ነክቶ 5 ጎል ከገባበት ግን 30 ነጥብ ሄደ ማለት ነው (በፉቲ አንድ ጎል 6 ነጥብ ነው)፣ ታዲያ ያ 20 ምን ይሰራለታል? አባትየው መቁጠሩን አልተውም ካሉ ኳስ ወደዛ አጥቂ ስንቴ መጣች፣ ከመጣችው ውስጥስ ስንቷን ያዘ ሚለውን ይቁጠሩ። አጥቂው ማን እንደሆነም ይያዙ፣ ምክንያቱም ደካማ ልጅ ይዞ የዋለና ለስቴት ሚጫወት ልጅ ይዞ የዋለ እኩል አይደሉም።

ሪክሩተሮቹ፣ ማለት ተጫዋች ሚመለምሉት የክለብ ሰዎች፣ ሜዳ ዳር ሆነው ሚጠብቁት ልጁ ከአጥቂው ጋ አንድ ለአንድ ሚቀርበትን ሰአት ነው። ከ2019 ጀምሮ ኤኤፍኤል (ትልቁ የፉቲ ሊግ) ላይ ጨዋታ ከመሀል በተጀመረ ቁጥር እያንዳንዱ ቡድን 6 ሰው ከኋላ፣ 6 መሀል፣ 6 ከፊት ማቆም አለበት፣ አንድ ትርፍ ሰው ከኋላ አቁሞ መጀመር የሚባል ነገር ቀረ። ስለዚ ኳሷ ከመሀል ቶሎ ተመታ ከወጣች ፉል ባኩ (ጎል ፊት ሚቆመው ተከላካይ) ሰፊ ባዶ ሜዳ ላይ ከዛ ግዙፍ ልጅ ጋ ብቻውን ይቀራል። ያኔ ኳሷን ብቻ እያየ የቆመ አለቀለት። ጎበዙ ልጅ ኳሷ ሳትደርስ ገላውን አስገብቶ ምትወድቅበትን ቦታ ይይዛል፣ እጁን ግን ይሰበስባል፣ ምክንያቱም ጀርባ መግፋት፣ ማልያ መያዝ፣ የአጥቂውን ክንድ መምታት ሁሉም ፍሪ ኪክ ነው፣ እዛ ጎል ፊት ፍሪ ኪክ መስጠት ደሞ ጎሉን በእጅ እንደማስረከብ ነው።

ሌላው ውሳኔ ነው። ከ15 ሜትር ያላነሰ ተመታ የመጣች ኳስን አየር ላይ የያዘ ማርክ ይሰጠዋል፣ ተረጋግቶ ይመታል። ስለዚ ተከላካዩ ልያዛት ወይስ በቡጢ ላባራት ሚለውን አየር ላይ እያለ ነው ሚወስነው። በቡጢ ማባረሩ ስፖይል ይባላል፣ እሱም ቢሆን አይነት አለው። ወደ ፊት ለፊት ከመታት እዛ ሚጠብቁ አጫጭር ፈጣን አጥቂዎች አሉ፣ ለቅመው ያገቧታል፣ ወደ ጎን መስመር ከመታት ግን ቢያንስ ቡድኑ ትንፋሽ ያገኛል። ሚቀጥለው ጨዋታ ላይ ይሄን ብቻ ይዩልኝ። ሁሌ ወደ ጎን ሚመታ ከሆነ ልጁ ጭንቅላት አለው።

ግን ዛሬ ዛሬ እያጠፋ ብቻ ሚኖር ተከላካይ በጣም አይፈለግም፣ ሚከፈልበት ችሎታ ኢንተርሴፕት ነው፣ ለሌላው የተላከችን ኳስ ቀድሞ መያዝ ማለት። የ2018 ግራንድ ፋይናል (የዋንጫው ጨዋታ) መጨረሻ ደቂቃዎች ላይ ኮሊንግዉድ እየመራ ነበር፣ የዌስት ኮስቱ ጄረሚ ማክገቨርን ከኋላ ተነስቶ ኳሷን አየር ላይ ያዛትና ወደ ቫርዲ መታት፣ ቫርዲ ወደ ራያን፣ ራያን ወደ ሺድ፣ ሺድ ከጥግ አገባት፣ ዌስት ኮስት በ5 ነጥብ ዋንጫውን ወሰደ። ሰው ሺድን ነው ሚያስታውሰው፣ ሪክሩተር ግን የመጀመሪያውን ማርክና ከሱ ቀጥሎ የመጣችውን ምት ያስታውሳል። አያያዙ ብቻውን አይበቃም፣ ይዞ ለማን እንደሚመታ ማወቅ አለበት፣ ምቱም መድረስ አለበት። ረጅም ሆኖ ምቱ ሚበላሽበት ልጅ ብዙ ነው፣ ዝርዝሩ ላይ ቶሎ ወደ ታች ሚወርደውም በዚ ነው።

አሁን ማንም ማይነግርዎትን ልንገርዎት። ከኋላ ሚጫወት ልጅ ማውራት አለበት። ሜዳው በሙሉ ሚታየው ለሱ ነው፣ "ያንን ያዘው፣ አንተ ውጣ፣ እኔ አለሁ" እያለ ሙሉ ጨዋታውን መጮህ አለበት፣ ክለቦች ይሄን በጣም ነው ሚፈልጉት፣ ሪክሩተሮችም ሆን ብለው ተጠግተው ያዳምጣሉ። እኛ ቤት ደሞ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ ዝም ሲል ነው ጨዋ ሚባለው። ክለቦች ልጁን ከፈለጉት ቤት ድረስ መጥተው ከናንተም ከሱም ጋ ይጨዋወታሉ፣ እዛ ቁጭ ብሎ አባትየው ብቻ ከመለሱለት ሰዎቹ ልጁ በራሱ ማይተማመን ነው ብለው ሊሄዱ ይችላሉ፣ ጨዋነት መሆኑን ከየት ያውቁታል? ስለዚ ቡናውን አፍሉ፣ እንግዳውን ተቀበሉ፣ ከዛ መልሱን ለሱ ተዉለት። ስለ ራሱ ድክመት ቢጠይቁት እውነቱን ይናገር፣ እነሱ ቪዲዮውን አይተውት ነው ሚመጡት።

ቁመቱ አያሳስባችሁ። አሌክስ ራንስ 194 ነበር፣ ለሪችመንድ ከኋላ ተጫውቶ ከ2014 እስከ 2018 5 አመት በተከታታይ ኦል አውስትራሊያን፣ ማለት የአመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ ገብቷል። ሰውነቱ ቀጭን ከሆነም አሁን በግድ ክብደት አንሳ አትበሉት፣ ክለብ ሲገባ ያንን ሚሰሩ ባለሙያዎች አሉ። ለኮምባይን (ድራፍት ሚጠብቁ ልጆች ሚለኩበት ፈተና) ከተጠራ ፍጥነቱን በ20 ሜትር፣ ትንፋሹን በ2 ኪሎሜትር ሩጫ፣ ዝላዩንም ይለኩታል። 20 ሜትሩን ከ3 ሰከንድ በታች ሚሮጥ ረጅም ልጅ አይን ውስጥ ይገባል፣ ግን እኔ በግሌ ለነዛ ቁጥሮች ብዙ ቦታ አልሰጥም፣ ፈጣን ሆኖ የት እንደሚሮጥ ማያውቅ ተከላካይ ሞልቷል።

ድራፍቱ ህዳር ላይ ነው፣ የፈረንጆቹ አመት ከማለቁ በፊት 18 ሚሞላ ልጅ ሊመዘገብ ይችላል። ከመላው አውስትራሊያ በናሽናል ድራፍቱ ሚመረጠው 60 ወይም 70 ገደማ ልጅ ነው፣ በዚ ላይ ከነዛ ውስጥ ስንቱ ኪ ዲፌንደር እንደሚሆን አስቡት። በዛው አመት ውድድር መጨረሻ የወጣ ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል። ረጃጅም ተከላካዮች ደሞ ሚበስሉት ዘግይተው ስለሆነ ክለቦች ብዙ ጊዜ ቀድመው አይነኳቸውም። ጄኮብ ዌይተሪንግ በ2015 1ኛ ሆኖ ለካርልተን መመረጡ ለየት ያለ ነገር ነው። ሃሪስ አንድሩስ በ2014 61ኛ ነበር፣ በኋላ ግን ብሪስቤንን በካፒቴንነት መርቷል። ማክገቨርን በሩኪ ድራፍት (ከናሽናል ድራፍቱ በኋላ ሚደረገው ምርጫ) ነው የገባው። ካኩማ የስደተኞች ካምፕ የተወለደው አሊር አሊር በ2013 በ44ኛ ቁጥር ሲድኒ ወሰደው፣ ዋናው ቡድን ላይ የታየው በ2016 ነው፣ በ2021 ፖርት አደሌድ ሆኖ ኦል አውስትራሊያን ገባ። ቶም ስቱዋርት ደሞ ጂሎንግ ሲመርጠው 23 አመቱ ነበር። ስለዚ ልጅዎ በ18 አመቱ ስሙ ካልተጠራ ነገር አበቃ ብላችሁ እንዳታስቡ፣ በ19 እና በ20 አመቱም ቪኤፍኤል (ከኤኤፍኤል ዝቅ ያለው ሊግ) እየተጫወተ ሊታይ ይችላል፣ ከ2019 ወዲህ አመቱ መሀል ላይም ድራፍት አለ።

አንድ ነገር ግን ቶሎ ጠይቁ። ኔክስት ጄኔሬሽን አካዳሚ ሚባል አለ፣ ወላጁ አፍሪካ ወይም እስያ የተወለደ ልጅ በሚኖርበት ዞን ያለው ክለብ አካዳሚ ውስጥ ሊታቀፍ ይችላል፣ ሌላ ክለብ በድራፍቱ ሲጠራው የአካዳሚው ክለብ ከራሱ የድራፍት ምርጫዎች ነጥብ ከፍሎ ሊወስደው ይችላል ማለት ነው። ህጉ ግን ይቀያየራል። ማክ አንድሩ ሜልበርን አካዳሚ ውስጥ ነበር፣ በ2021 ጎልድ ኮስት በ5ኛ ቁጥር ሲጠራው የዛኔው ህግ ለመጀመሪያዎቹ 20 ምርጫዎች ስለማይፈቅድ ሜልበርን ዝም ብሎ አየው። በ2024 ግን ኤሰንደን አይዛክ ካኮን በ13ኛው አስቀርቶታል። የጄትስን ሰዎች ልጃችን የየትኛው ክለብ ዞን ውስጥ ነው፣ ተመዝግቧል ወይ ብላችሁ ቁርጡን ጠይቁ፣ ሚያሳፍር ነገር የለውም።

ትምህርቱን ይጨርስ፣ በዚ ላይ ድርድር የለም። ክለቦቹ ራሳቸው 12ኛ ክፍልን በስርአት ሚጨርስ ልጅ ይወዳሉ፣ ደሞ ሚመርጠው ክለብ ፐርዝ ወይም ብሪስቤን ሊሆን ይችላል፣ ከቤት ርቆ መኖር ይችላል ወይ ሚለውንም ከአሁኑ ተነጋገሩበት።

ተስፋ አለው ወይ ላሉት፣ ፉቲ ዘግይቶ ጀምሮ ታለንት ሊግ (ጄትስ ሚጫወቱበት የወጣቶች ሊግ) ውስጥ ከረጃጅሞቹ አጥቂዎች ፊት ካቆሙት አሰልጣኞቹ ያዩበት ነገር አለ። አንደር 18 ሻምፒዮና ላይ ለቪክ ሜትሮ (የሜልበርን ልጆች ምርጥ ቡድን) ከተጠራ ነገሩ ከልብ ነው፣ ካልተጠራ ደሞ መንገዱ ይረዝማል።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? 17 አመቴ ነው፣ ከኋላ ነበር ምጫወተው፣ አሁን ኮቼ ወደ ፊት ልውሰድህ እያለኝ ነው። በድራፍት አመቴ ቦታ ብቀይር ሪክሩተሮች ግራ ይገባቸዋል ብዬ ፈራሁ። እንቢ ልበል?

መልስ፦ ኧረ እንዳትል! ዳርሲ ሙር ኮሊንግዉድ ሲገባ አጥቂ ነበር፣ በ2023 ዋንጫ ሲበሉ ካፒቴን ሆኖ ከኋላ ነው የተጫወተው። የኖርዝ ሜልበርን ክለቡ ማጃክ ዳውም ወደ ፊት ሲጫወት ከርሞ ነው በ2018 ወደ ኋላ የሄደው። ሁለቱንም ሚችል ረጅም ልጅ ለክለብ ሁለት እድል ነው። ደሞ ከሁሉም በላይ አጥቂ መቼ እንደሚሮጥ፣ ሰውነቱን ወደየት እንደሚያዞር፣ ምን እንደሚያናድደው ከውስጥ ትማርበታለህ፣ ወደ ኋላ ስትመለስ ያንን ሁሉ ይዘህ ነው። ለኮችህ ግን "ዋናው ቦታዬ ከኋላ ነው ብዬ አስባለሁ፣ የተወሰኑ ጨዋታዎች እዛም ልታይ" ብለህ በግልፅ ንገረው። አኩርፈህ እንዳትጫወት ብቻ፣ ይታይብሃል።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው "ወንድምህን ድራፍት አስገባዋለሁ፣ ግንኙነት አለኝ" ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ ጠየቀን። እንስጠው?

መልስ፦ ምንም እንዳትሰጡት። ማንንም ድራፍት ውስጥ ማስገባት ሚችል ሰው የለም፣ ልጁ ይመዘገባል፣ ክለቦቹ ይመርጣሉ፣ በቃ። የተጫዋች ወኪል መሆን ሚችለው የኤኤፍኤል ተጫዋቾች ማህበር እውቅና የሰጠው ሰው ብቻ ነው፣ ገንዘቡንም ሚያገኘው ልጁ ኮንትራት ከፈረመ በኋላ ነው። ሰውየውን እውቅና አለህ ወይ በሉትና ስሙን ከማህበሩ አጣሩ፣ ከሌለበት ስልኩን ዝጉበት፣ ለታለንት ሊግ አሰልጣኙም ንገሩት፣ ሌሎች ቤተሰቦች ጋ ሄዶ ሊሆን ይችላል።