መልስ፦ ከቦዩ ውስጥ በፓምፕ የወጣው ናፍጣ በማግስቱ ለምን ይመለሳል?

ናፍጣውን ለማውጣት ያስቆፈሩትን ቦይ ከዚህ በላይ አያጥልቁት። ከማደያው ታንክ የፈሰሰው ናፍጣ በማግስቱ ተመልሶ የሚንሳፈፈው ከጥልቁ እየመነጨ ሳይሆን፣ ከውሃ ስለሚቀልና የከርሰ ምድሩ ውሃ በክረምት ከፍ፣ በበጋ ዝቅ በሚልበት ክልል ካለው አፈር ጋር ተጣብቆ ስለቀረ ነው።

1. በ3 መመልከቻ ጉድጓዶች የውሃውን ከፍታ ለክተው የፍሰቱን አቅጣጫ ይወቁ።

2. የከርሰ ምድሩ ውሃ ከታንኩ ወደሚፈስበት ወገን ፍሰቱን የሚያቋርጥ ቦይ ያስቆፍሩ፤ ጥልቀቱ ከበጋው ዝቅተኛ የውሃ ከፍታ ጥቂት ቢያልፍ ይበቃል።

3. የተንሳፈፈውን ናፍጣ ለብቻው ያስቀዱ፣ ፓምፑንም በዝግታ ያሠሩት፤ ውሃውን አብዝተው ካወረዱት ናፍጣው አብሮ ወርዶ ንጹሕ የነበረውን አፈር ይበክላል።

አፈሩ መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ነው ስላሉ መበከል አለመበከሉን በቀለሙ አይፍረዱ። መረሬ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ናፍጣው ስንጥቁን ተከትሎ ካልጠበቁት ቦታ ይደርሳል። ከቦዩ ግድግዳ ጓል ወስደው በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቢያፈርሱት፣ ነዳጅ ካለበት በውሃው ፊት ላይ ኅብረ ቀለም ያለው ስስ ሽፋን ይዘረጋል። የሚወጣውን አፈር ደግሞ በፕላስቲክ ላይ ከምረው ከዝናብ ይሸፍኑት፤ አለበለዚያ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

በሥራው ላይ ደጋግሜ ያየሁት አደጋ ግን ሠራተኛ የፓምፑን ቱቦ ለማስተካከል ወደ ቦዩ መግባቱ ነው። የነዳጅ ትነት ከአየር ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል፤ ውሃ የጠገበ መረሬም ሳይታሰብ ይናዳል። ቱቦውን ከላይ ሆነው በገመድ ያውርዱ፤ ጄነሬተሩም ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ከቦዩ ርቆ ይቁም።