«አትቀላውጥ» ስድብ ነው ወይ? (መልስ)

እናትህ ልጅህን «አትቀላውጥ» ስላሉት ስድብ ይሆን ወይ ብለህ ለጠየቅኸው፦ ለልጅ ሲባል ስድብ አይደለም፣ ተግሣጽ ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ዓሣ ስትበሉ እንዲህ ያሉት ልጁ የሰው ጠረጴዛ ላይ ስላፈጠጠ ነው።

ቀላዋጭ ማለት ሳይጠራ ሰው ከሚበላበት ደርሶ «ና፣ ብላ» እስኪባል የሚጠብቅ ነው። ለማኝ አፍ አውጥቶ ይጠይቃል። ቀላዋጭ ግን አይጠይቅም፤ ወሬ ይጀምራል፣ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ዓይኑ ግን ከትሪው አይነቀልም። «ቀላዋጭ ወጥ ያውቃል» የሚባለውም ለዚህ ነው። የማን ቤት ወጥ እንደሚጥም ከእሱ በላይ ማን ያውቃል?

አረባቡ ቀላወጠ፣ ይቀላውጣል፣ መቀላወጥ ነው። ምግብ ብቻም አይደለም፤ ሲጋራም ቢራም ይቀላወጣል።

የቆሎ ተማሪን ግን እንዲህ እንዳትል። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጅ ለደጅ የሚዞረው ለትምህርቱ ነው፤ ጎጃም ውስጥ እሱን ቀላዋጭ ብትል የምትወቀሰው አንተው ነህ።

ለአዋቂም ፊት ለፊት አትበለው። በቀልድ የተባለ ጓደኛችን ብርጭቆውን ሳይጨርስ ተነስቶ ሲሄድ አይቻለሁ። ሒሳቡን ደግሞ የዚያን ቀን የከፈለው እሱ ነበር።