ለዱባይ ጉዞ የትኛው ሰፈር ይሻላል? ዴራ፣ ማሪና ወይስ ሻርጃ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከእናትሽና ከታናሽ እህትሽ ጋር ለአምስት ሌሊት ዱባይ ልትሄጂ ነው። ግማሹ ሽርሽር፣ ግማሹ ለሱቅሽ ዕቃ ማየት። አንዷ ጓደኛሽ ማሪና ያዙ ብላሻለች። ሌላዋ ዱባይ አጠገብ ባለችው ከተማ በሻርጃ ብታድሩ በጣም ይረክስላችኋል ትላለች። ዴራ ደግሞ ያረጀና የተጨናነቀ ነው ሲባል ሰምተሽ ፈርተሻል። እኔ ዱባይ ለዓመታት ሠርቻለሁ፣ የኖርኩትም ዴራ ነው። አሁንም ለዕቃ እመላለሳለሁ፤ ከአገር ቤት ለሚመጡ ዘመዶችም ሆቴል የምመርጠው እኔ ነኝ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ዴራ ያዙ። ግን ዴራ ሰፊ ነው። ሪጋ ወይም ዩኒየን ከሚባሉት የሜትሮ ጣቢያዎች በእግር አምስት ደቂቃ የማይርቅ ሆቴል ፈልጊ።

ሰው ሆቴል ሲመርጥ ጠዋት የት እንደሚሄድ ነው የሚያስበው። እኔ የማስበው ማታ እንዴት እንደሚመለስ ነው። ጠዋት ሁሉም ሰው ትኩስ ነው፤ ሜትሮ ላይ አንድ ሰዓት መቆም አይከብድም። ማታ ግን እናትሽ እግራቸው ዝሏል፣ አንቺ በሁለት እጅሽ ፌስታል ይዘሻል፣ እህትሽ ርቧታል። ያን ሰዓት ከሆቴላችሁ በአንድ ሰዓት የምትርቁ ከሆነ በሦስተኛው ቀን ከክፍል መውጣት ያስጠላችኋል። አክስቴ ስትመጣ ልጇ ከውጭ አገር ሆኖ ማሪና ሆቴል ያዘላት። ክፍሉ በጣም ያምር ነበር፣ ከመስኮቱ ባሕሩ ይታያል። እሷ ግን ማየት የፈለገችው የወርቅ ገበያውን፣ ጨርቁን፣ የአገሯን ሰዎች ነበር። ያ ሁሉ ያለው ዴራ ነው። በየቀኑ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ስታቋርጥ ሰነበተች፤ መጨረሻ ላይ ደክሟት ክፍሏ ተኝታ ነው የዋለችው።

የከተማውን አቀማመጥ ብታውቂ ምርጫው ይቀልልሻል። ዱባይ ክብ ከተማ አይደለችም። በባሕሩ ዳር ረጅም ሆና የተዘረጋች ናት። በአንደኛው ጫፍ አሮጌው ከተማ አለ፤ ክሪክ የሚሉት የባሕር ወሽመጥ መሐል ለመሐል ገብቶ ዴራንና ቡር ዱባይን ይለያቸዋል። አየር ማረፊያው ከዴራ አጠገብ ነው። ወደ መሐል ስትሄጂ ዳውንታውን አለ፤ ቡርጅ ኸሊፋና ዱባይ ሞል እዚያ ናቸው። በሌላኛው ጫፍ ማሪና ነው። ይህን ሁሉ የሚያያይዘው ቀዩ የሜትሮ መስመር ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በዱባይ የሆቴል ዋጋ ማለት፣ ለእኔ፣ የጣቢያ ርቀት ማለት ነው።

አሁን ዴራን እንየው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከመጣችሁ የምትወርዱት ቴርሚናል 1 ነው። ጣቢያው እዚያው አለ። ሦስተኛው ፌርማታ ሪጋ ነው፣ አራተኛው ዩኒየን። በቃ። ከዩኒየን ወደ ቡርጅ ኸሊፋ ሰባት ፌርማታ ነው፤ ሳትቀያይሩ ትደርሳላችሁ። ዩኒየን ላይ ደግሞ ቀዩና አረንጓዴው መስመር ይገናኛሉ። በአረንጓዴው አንድ ፌርማታ ሄዳችሁ ባኒያስ አደባባይ ብትወርዱ ገበያው ውስጥ ገባችሁ ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው የወርቅ ገበያው ጣቢያ ነው። ለአንቺ ለሱቅሽ፣ ለእናትሽ ለማየት፣ ለእህትሽ ደግሞ ለሞሉ፣ ሁሉም ከአንድ ቦታ ይነሳል።

ፍላይ ዱባይ ከያዛችሁ ግን አስተውሉ። አብዛኛው በረራቸው ቴርሚናል 2 ነው፤ እዚያ ሜትሮ የለም። ታክሲ ነው የምትይዙት። ከአየር ማረፊያ የሚነሳ ታክሲ ቆጣሪው በ25 ድርሃም ይጀምራል፤ ዴራ ቅርብ ስለሆነ ብዙ አይጨምርም። ጣሪያቸው ሮዝ የሆነ፣ ሴቶች የሚነዷቸው ታክሲዎች አሉ። ሦስት ሴቶች ስለሆናችሁ እነሱን ጠይቁ።

ሜትሮው ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም። በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። አርብ ማታ እስከ 7 ይዘልቃል፣ እሑድ ደግሞ የሚጀምረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። አንድ ሰው ይዞ እንዲገባ የሚፈቀድለትም አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ሻንጣ ነው። ስትሄጂ ባዶ ሻንጣ ስለምትይዢ ችግር የለም። ስትመለሺ ግን በታክሲ ነው፣ ከወዲሁ አስቢው። ባቡሩ ውስጥ ለሴቶችና ለልጆች ብቻ የተለየ ክፍል አለ፤ በሥራ መውጫ ሰዓት ለእናትሽ ትልቅ እረፍት ነው። ባቡርም ጣቢያም ውስጥ መብላት፣ መጠጣት፣ ማስቲካ ማኘክም ቅጣት አለው። 100 ድርሃም ነው። ለእህትሽ አስቀድመሽ ንገሪያት።

"ያረጀና የተጨናነቀ" ያሉሽ ሰዎች አልዋሹም። አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ያዩት ናይፍን ነው። ናይፍ የጅምላ ገበያው እምብርት ነው፣ ለነጋዴ የሚመች ቦታ። ሆቴሉ ርካሽ ነው፣ ካርጎ ቤቱ ደጃፍሽ ላይ ነው፣ አማርኛም እንደልብ ትሰሚያለሽ። ነገር ግን መንገዱ ጠባብ ነው፤ ታክሲ ብዙ ጊዜ ዋናው መንገድ ላይ ያወርድሻል፣ ከዚያ በሰውና በጋሪ መሐል ሻንጣ ትጎትቻለሽ። ለዕቃ ብቻ ብቻዬን ስሄድ ናይፍ አድራለሁ፣ ደስ ብሎኝ። እናት ይዤ ግን አላደርገውም። ሪጋና ሙረቀባት ከናይፍ ብዙ አይርቁም፣ ኑሮው ግን ሌላ ነው። መንገዱ ሰፊ ነው፣ የእግረኛ መተላለፊያው ጥሩ ነው፣ እስከ እኩለ ሌሊት ሰው ያለበት የምግብ ቤት ሰፈር ነው። የሐበሻ ምግብ ቤቶችም እዚያው አካባቢ ታገኛላችሁ። እናትሽ በሁለተኛው ቀን "እንጀራ የለም እንዴ?" ማለታቸው አይቀርም።

እዚህ ላይ ልብ በይልኝ። ዴራም ሆነ ቡር ዱባይ ውስጥ ታችኛው ፎቃቸው ላይ ናይት ክለብ ያለባቸው ሆቴሎች ብዙ ናቸው። አንድ ጊዜ ለዘመዶቼ የያዝኩት ሆቴል ውስጥ ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ግድግዳውን ሲደበድበው አደረ። ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት ያረፉ ሰዎች የጻፉትን አስተያየት አንብቢ፤ ስለ ጩኸትና ስለ ክለብ የሚሉትን ፈልጊ። መጠጥ የማይሸጥባቸው ሆቴሎች እዚያው ሰፈር ውስጥ ሞልተዋል። ለሦስት ሴቶች፣ በተለይ እናት ላለችበት ጉዞ፣ እነሱን እመርጥልሻለሁ። ሎቢው ውስጥ ቤተሰብና ልጆች ነው የምታዩት። መንገድ ላይ የማሳጅ ማስታወቂያ ካርድ ተበትኖ ብታዩ አትደንግጡ፣ ረግጣችሁ እለፉት። ማታ በእግር መሄድ በኩል ዴራ ውስጥ የምትሰጉበት ነገር የለም።

ሌላ የምመክርሽ፣ ከተራ ሆቴል ይልቅ የሆቴል አፓርታማ ፈልጊ። ዴራና ቡር ዱባይ ውስጥ ብዙ አሉ። ምድጃ አለው፣ ማቀዝቀዣ አለው፣ ብዙዎቹ ልብስ ማጠቢያም አላቸው። ሦስታችሁ በአንድ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ትበቃላችሁ፤ ሁለት የሆቴል ክፍል ከመያዝ ይሻላል። እናትሽ የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ሽሮና በርበሬ ይዛችሁ ሄዳችሁ ማታ ማታ ትሠራላችሁ። ቀን ላይ የህንድ የአትክልት ምግብ ቤቶች ያዋጣሉ፣ ካራማ የሚባለው ሰፈር በተለይ በእነሱ የታወቀ ነው። ግን አትክልት ነው ማለት የጾም ነው ማለት አይደለም። ቅቤ፣ እርጎና አይብ ይገባበታል። ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት ብላችሁ እዘዙ።

ዴራ ውስጥ የሚሆን ካጣሽ ሁለተኛው ምርጫዬ ቡር ዱባይ ነው፣ ቡርጁማን ጣቢያ አካባቢ። እዚያም ሁለቱ መስመሮች ይገናኛሉ። ወደ ዴራ ገበያ ለመሻገር አብራ የሚሏት ትንሽ የእንጨት ጀልባ አለች። በአንድ ድርሃም ክሪኩን ታሻግራችኋለች። ዴራም ብታድሩ ይህች እንዳታመልጣችሁ፤ ፀሐይ ልትገባ ስትል ሂዱ። እናትሽ ከቡርጅ ኸሊፋ ይልቅ እሷን ነው የሚያወሩት።

ማሪናን አላጣጥልም። አዲስ ለተጋቡ፣ ባሕር ዳር መዋል ለሚፈልግ፣ ገበያ ለማይወጣ ሰው ከዚያ የተሻለ የለም። ማታ ውሃው ዳር መንሸራሸሩ እጅግ ደስ ይላል። አንድ ከሰዓት ሰጥታችሁ ሂዱ፣ እራት በልታችሁ ተመለሱ። ማደር ከፈለጋችሁ ግን ካርታ ላይ ያለውን ርቀት አትመኑ። ሆቴሉ ከጣቢያው 300 ሜትር ይመስላል፤ ሆኖም ጣቢያው ከሼክ ዛይድ መንገድ ማዶ ሊሆን ይችላል። ያ መንገድ በእግር የሚሻገሩት ዓይነት አይደለም፣ በጣቢያው ድልድይ ብቻ ነው። የመንገዱን አቅጣጫ በካርታው ላይ "በእግር" ብለሽ እዪው፣ እውነተኛው ርቀት ያኔ ይወጣል። በበጋቸው ደግሞ፣ ማለት ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አሥር ደቂቃ በእግር ማለት ያኔ ሌላ ነገር ነው።

ዳውንታውን ውድ ነው፣ ማታ ደግሞ በጣም ያምራል። ዱባይ ሞል ደጅ ላለው የውሃ ፏፏቴ ትርኢት ብላችሁ እዚያ ማደር አያስፈልግም፤ ከዴራ ሄዳችሁ አይታችሁ በሜትሮ ትመለሳላችሁ። ከጣቢያው እስከ ሞሉ ያለው መተላለፊያ ግን ረጅም ነው። የሚንቀሳቀስ መራመጃ ቢኖረውም እናትሽን አታጣድፏቸው።

ሻርጃ እውነት ይረክሳል። ይህን ያሉሽ ሰዎች የሚያስቡት የአልጋውን ዋጋ ብቻ ነው። ዱባይ የሚሠራ ብዙ ሰው ሻርጃ ነው የሚኖረው። ጠዋት ሁሉም ወደ ዱባይ ይነዳል፣ ማታ ሁሉም ወደ ሻርጃ ይመለሳል። እናንተም በሁለቱም ሰዓት ከእነሱ ጋር አንድ መንገድ ላይ ናችሁ። ሜትሮ የለም። ታክሲ ስትይዙ ከተማ በመሻገራችሁ ተጨማሪ ክፍያ አለ። ለሦስት ሰው፣ ለአምስት ቀን ስታሰሊው ያተረፍሽው ገንዘብ መንገድ ላይ ያልቃል፣ ሰዓቱን ደግሞ ማንም አይመልስልሽም። ሻርጃ የምትሉት ዘመድ ቤት የምታድሩ ከሆነ ብቻ ነው።

ድራጎን ማርትን ጠይቀሻል። እሱ ኢንተርናሽናል ሲቲ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው፣ ከመሐል ከተማው ወጣ ብሎ። የቻይና ዕቃ የሚሸጥበት ከአንድ ኪሎሜትር በላይ የሚረዝም ገበያ ነው። ሰፈሩ ሜትሮ የለውም። ከገበያው ጋር የተያያዘ ሆቴል አለ፤ ግን እዚያ ብታድሩ ለእናትሽና ለእህትሽ የሚሆን ነገር ከሞሉ ውጭ ብዙም የለም። አንድ ሙሉ ቀን ለይታችሁ በታክሲ ሂዱ። አንቺ ዕቃ ስታዪ እነሱ ካፌ ይቀመጣሉ። የምትመርጪውን መጀመሪያ ፎቶ አንሺ፣ የሱቁን ቁጥር ጻፊ፣ ከዚያ ተመልሰሽ ግዢ። ቦታው ትልቅ ስለሆነ ያለ ቁጥር ሱቁን ደግመሽ አታገኚውም።

ቦታ ስትይዢ ኢንተርኔት ላይ የምታዪው ዋጋ የመጨረሻው ላይሆን ይችላል። የቱሪዝም ድርሃም የሚሉት ክፍያ አለ። እንደ ሆቴሉ ደረጃ ለአንድ ክፍል በአንድ ሌሊት ከ7 እስከ 20 ድርሃም ነው፣ ብዙ ጊዜ ስትገቢ ነው የሚጠይቁሽ። ተቀማጭ ገንዘብም የሚይዙ አሉ። ሁለቱንም በጽሑፍ ጠይቂያቸው፣ መልሳቸውን ስልክሽ ላይ አስቀምጪ።

የምትደርሱት ንጋት ላይ ከሆነ ክፍል የሚሰጡት ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት መሆኑን እወቂ። ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ከመነሳትሽ በፊት ደውለሽ ቀደም ብለው እንዲያስገቧችሁ ለምኚ፤ እናቴ ትልቅ ሰው ናቸው ብለሽ ንገሪያቸው። ካልሆነም ሻንጣችሁን ተቀብለው ያስቀምጣሉ። መመለሻችሁ ማታ ከሆነ ደግሞ እንደዚሁ ነው፤ ክፍሉን ቀትር ላይ ለቃችሁ ሻንጣውን ትታችሁ የቀረውን ትገዛላችሁ። ዴራ ካደራችሁ ለአየር ማረፊያው ቅርብ ናችሁ። ማሪና ያደረ ሰው ግን በዚያ ሰዓት መንገዱ እንዳይዘጋበት ከቀኑ ጀምሮ ይጨነቃል።

የጉዞሽን ወር አልጻፍሽም። ወሩንና ለአንድ ሌሊት የምትችሉትን ዋጋ ጻፊልኝ፤ ሪጋ አካባቢ ያሉትን አፓርታማዎች ሊንክ ስትልኪልኝ ከጣቢያው በየትኛው በኩል እንደሆኑ፣ ከሥራቸው ክለብ ይኑር አይኑር አይቼ እነግርሻለሁ።