60 ዲግሪ፣ ግን ከምን?

ልጆቼ፣ ቅየሳ የጀመረ ወጣት «አቅጣጫው 60 ዲግሪ ነው» ሲለኝ መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ ከምን? አንዳንዱ ሽማግሌው ሊያጠምደኝ ነው ብሎ ያኮርፋል። ተንኮል የለበትም። መነሻው ያልተነገረ ዲግሪ ቁጥር እንጂ አቅጣጫ አይደለም።

«ከሰሜን» ብትሉኝም ገና አልጨረስንም። ሰሜን ሦስት ነውና። አንዱ የምድር ዛቢያ የሚያመለክተው እውነተኛው ሰሜን ነው። ሁለተኛው በካርታ ላይ የተሰመሩት ቋሚ መስመሮች የሚያሳዩት ነው። ሦስተኛው የኮምፓስ መርፌ የሚጠቁመው የማግኔት ሰሜን ነው። በእውነተኛውና በማግኔቱ መካከል ያለው ልዩነት ዴክሊኔሽን ይባላል። ከእውነተኛው ሰሜን የተለካውን አቅጣጫ ለማግኘት፣ ልዩነቱ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ኮምፓሱ ላይ ባነበባችሁት ላይ ደምሩት፤ ወደ ምዕራብ ከሆነ ቀንሱት።

ዴክሊኔሽን ከቦታ ቦታ ይለያያል። የባሰው ደግሞ አንድ ቦታ ላይም ቢሆን ባለበት አይቆምም። እንግሊዛዊው አሳሽ ጄምስ ክላርክ ሮስ በ1831 እ.ኤ.አ. የማግኔት ሰሜን ዋልታ ላይ ሲደርስ ዋልታው ካናዳ አርክቲክ ውስጥ ነበር። ዛሬ ወደ ሳይቤሪያ በኩል ተጉዟል። የየቦታው ዴክሊኔሽን የሚሰላበት የዓለም የማግኔት ሞዴል በየ5 ዓመቱ የሚታደሰው ለዚህ ነው። አንዳንድ አውሮፕላን ማረፊያዎችም የመንደርደሪያቸውን ቁጥር የሚቀይሩት በዚሁ ሰበብ ነው፤ ቁጥሩ የማግኔት አቅጣጫው ለ10 ተካፍሎ ነዋ። አሮጌ ካርታ ስታነሱ እንግዲህ መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት እዩ።

«3 ዲግሪ ምን አላት?» የሚል አይጠፋም። 1 ዲግሪ በ1 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 17 ሜትር ታስታለች። 3 ዲግሪ በ10 ኪሎ ሜትር ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር አለፈች ማለት ነው።

ኮምፓስ ስታነቡ ስልካችሁን ከኪሳችሁ አውጥታችሁ ራቅ አድርጉት። የብረት ቀበቶ፣ ቁልፍ፣ መኪና፣ ከላያችሁ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ መስመር ሁሉ መርፌውን ይስባሉ። ኮምፓሱን አግድም ያዙት፤ ካዘነበለ መርፌው ይነካካና ይያዛል። መወዛወዙን እስኪተው ጠብቁ። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው።

ያላችሁበት ቦታ ሲጠፋችሁ ደግሞ በካርታው ላይ የምታውቋቸውን ሁለት ምልክቶች ፈልጉ። ማማው በ40 ዲግሪ፣ የተራራው ጫፍ በ130 ዲግሪ ታየ እንበል። 180 ስትደምሩበት ከማማው ወደ እናንተ 220፣ ከተራራው 310 ይሆናል። ከሁለቱም መስመር አስምሩ። የሚገናኙበት ቦታ ላይ ናችሁ። ሁለቱ መስመሮች በ90 ዲግሪ አካባቢ ቢቆራረጡ ጥሩ ነው። ከ30 በታች ከሆነ ትንሿ ስህተት በመስመሩ ላይ ተለጥጣ ሩቅ ትወስዳችኋለች።

ሦስተኛ ምልክት ጨምሩ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱ መስመሮች አንድ ነጥብ ላይ አይገጥሙም፤ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። አትናደዱባት። የልኬታችሁን ጥራት የምትነግራችሁ እሷ ናት። እኔን የሚያጠራጥረኝ ሦስቱም ልክክ ያሉበት ወረቀት ነው፤ ማስታወሻው ላይ ቁጥር የተነካካ ይመስለኛል። ሦስት ማዕዘኗ በጣም ከሰፋች ደግሞ ሒሳቡን ከመፈተሽ በፊት ምልክቱን ፈትሹ። ከሩቅ ሲታይ አንዱ ጫፍ ሌላውን ይመስላል።

«ጂፒኤስ እያለ?» ትሉኛላችሁ። እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን አንድ ቦታ ቆማችሁ ሳለ የት እንዳላችሁ እንጂ ፊታችሁ ወዴት እንደዞረ አይነግራችሁም። ያንን ስልካችሁ ውስጥ ያለው ሌላ ኮምፓስ ነው የሚለካው፤ እሱንም ብረት ያሳስተዋል።

የመነሻው ነገር በባሕር ላይ ይከብዳል። መርከበኛ አቅጣጫን ከሰሜንም፣ ከገዛ መርከቡ አፍንጫም ተነስቶ ይለካል። መርከቡ ወደ 350 ዲግሪ እየሄደ ሌላ መርከብ ከአፍንጫው 30 ዲግሪ በቀኝ ካየ ድምሩ 380 ነው፤ 360 ሲቀነስ 20 ዲግሪ። ያ መርከብ እየቀረበ አቅጣጫው ካልተለወጠ የግጭት አደጋ አለ ማለት ነው። ታዲያ ከአፍንጫው ብቻ የሚለካ ሰው የራሱ መርከብ ትንሽ በዞረ ቁጥር ማዕዘኑ ይለወጥበትና አደጋው ያለፈ ይመስለዋል። የዓለም አቀፉ የባሕር ግጭት መከላከያ ደንብ በኮምፓስ የተለካው አቅጣጫ ይታይ የሚለው ለዚሁ ነው።