የጣና ጀልባ፦ መጀመሪያ ሰዓቱ፣ ማስታወቂያው ይደርሳል

ሰላም ወንድማችን። «ፈረንጆቹ በገጠር የሚያልፉ ውብ የባቡር መስመሮቻቸውን አስተዋውቀው ይጠቀሙባቸዋል። እኛ እዚህ ባቡር ባይኖረንም ጣና አለን። የባሕር ዳር–ጎርጎራን የጀልባ ጉዞ እንዴት እናስተዋውቀው?» ብለህ ጠይቀሃል። ባሕር ዳር ላይ ለዓመታት አስጎብኚ ሆኜ ስለሠራሁ የታዘብኩትን ልንገርህ። የሰላሙ ነገር ከሁሉም እንደሚቀድም ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እሱን ልለፈው።

ማስታወቂያው ይቆየን። ወደቡ ላይ ቆመህ አንዱን ባለ ጀልባ «መቼ ነው የምትነሳው?» በለው። መልሱ «ሲሞላ» ነው። ሲሞላ የሚነሳ ጀልባ እንዴት ብሎ ይተዋወቃል? እንግዳው ማታ ጎንደር ሆቴል ይዟል። የዘጌዋ እናት ደግሞ ቡናዋንና ጌሾዋን ሸጣ ሳይመሽ ቤቷ መግባት አለባት። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ እንዴት እንደሚናወጥ የምታውቀው እሷ ናት። ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ከተባለ፣ ግማሹ ወንበር ባዶ ቢሆንም 1 ሰዓት ላይ ገመዱ ይፈታ። ሰዓቱና ዋጋው በትልቅ ሰሌዳ ይጻፍ፤ ባሕር ዳር ብቻ ሳይሆን ደቅ ላይም፣ ቁንዝላም፣ ጎርጎራም።

እንግሊዝ ውስጥ ሴትል–ካርላይል የሚባል መስመር አለ። በኮረብታና በበግ ግጦሽ መሃል ያልፋል፤ ሪብልሄድ ላይ ባለ 24 ቅስት የድንጋይ ድልድይ አለው። በፈረንጆቹ 1970 ትንንሽ ጣቢያዎቹ ተዘጉ። በ1980ዎቹ ደግሞ መስመሩ ራሱ ሊዘጋ ተባለ። ሰዉ ተከራክሮ በ1989 አስቀረው። ታዲያ ያዳነው ውበቱ ብቻ እንዳይመስልህ። ከ1975 ጀምሮ የአካባቢው ብሔራዊ ፓርክ በተመረጡ የእረፍት ቀናት ባቡር እየተከራየ በተዘጉት ጣቢያዎች ያስቆም ነበር። ከባቡሩ የወረደውን ተጓዥ ወደ መንደሮቹ የሚያደርስ አውቶቡስና በእግር የሚያዞር መሪ ይጠብቀው ነበር። የገጠሩም ሰው በዚያው ባቡር ከተማ ወርዶ ገበያውን ጨርሶ ይመለስ ነበር። በ1986 ስምንቱ ጣቢያዎች እንደገና ተከፈቱ። መስመሩ ሊዘጋ ነው ሲባል የሚጮህለት ተሳፋሪ ነበረው ማለት ነው።

የእኛን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ደግሞ እይ። ሐዲዱ አዲስ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ። የድሮው ለገሃር ግን መሃል ከተማ ነበር፤ የአሁኑ ጣቢያ ግን ከተማው ዳር፣ ለቡ ነው። ባቡሩ ጋ ለመድረስ ራሱ ሌላ ጉዞ ይጠይቃል።

ጎርጎራም ላይ ችግሩ ያው ነው። ከጀልባ ወርደህ ጎንደር ገና 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀርሃል። ሚኒባሱ የጀልባውን ሰዓት ካላወቀ ሻንጣህን ይዘህ ፀሐይ ላይ ትቀራለህ። አዲሷ የጣና መርከብ፣ ጣናነሽ ሁለት፣ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ስትመጣ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ጥሩ መርከብ ግን ጥላ ያለው መቆያ፣ ንጹሕ ሽንት ቤትና የሚጠብቅ መኪና ካላገኘ የሽርሽር መርከብ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ነገር ደግሞ ከጉዞ በፊት በግልጽ ይነገር። ክብራን ገብርኤል ሴት አትገባም። ይህን ሳይነገራቸው የሚመጡ ባልና ሚስቶች አሉ። እሱ ገዳሙን ሲያይ እሷ ጀልባው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ እንግዲህ ተመልሳ ለጓደኞቿ ምን ብላ ታውራ? ሴትም ወንድም የሚገባበት ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቅርብ አለላት። ናርጋ ሥላሴም አለ፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት። የገዳማቱ መግቢያ ክፍያም ቀድሞ ይታወቅ። እዚያ ደርሶ ኪስ መዳበስ ደስ አይልም።

ፎቶና ቲክቶኩ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እሱን ልጆቹ ራሳቸው ይጨርሱታል።

እኔን ብትጠይቀኝ ከዘጌ እጀምራለሁ። ጎርጎራ ሩቅ ነው፤ ሰዓት አክብሮ ለማሄድ ብዙ ነገር ይፈልጋል። ዘጌ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ የአገሬው ተሳፋሪም ጎብኚም አለው። በገበያ ቀን ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ ጀልባ በተቆረጠ ሰዓት ይመላለስ። የአገሬው ሰው በመደበኛ ዋጋ፣ ጎብኚው ትንሽ ጨምሮ ይክፈል፤ ሁለቱም ዋጋ ሰሌዳው ላይ ይታይ። ከባለ ጀልባዎቹ ማኅበር ጋር የምትነጋገር ከሆነ ጻፍልኝ፣ አብሬህ እመጣለሁ።